ከፌርማታው የሚታየው ታፔላ

ሰኞ 3

ይህን ደብተር ያወጣሁት ከቢሯችን ዕቃ ክፍል ነው። ሽፋኑ ላይ በትልልቁ «ዝምታው ይሰበር» ተብሎ ታትሞበታል። አምና ለአንድ ስልጠና ሁለት ሺህ አሳተምን፣ ሠላሳ ሰው መጣ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የቤት አስቤዛ የሚጽፈው «ዝምታው ይሰበር» ላይ ነው። እኔ ግን ቁም ነገር ልጽፍበት ነው፣ ዛሬ ታላቅ ቀን ነውና።

ከባሕር ማዶው ዋና መሥሪያ ቤታችን ልዑክ ሊመጣ ነው! በሚመጣው ወር በዘጠኝ፣ ማክሰኞ። አሥራ አንድ አገሮችና ድርጅቶች ተባብረው የከፈቱትን ማዕከል ሊያይ። ማዕከሉ በጦርነቱ የተደፈሩ ሴቶች የሚታከሙበት፣ የሚመከሩበት፣ ከፈለጉም ጠበቃ የሚያገኙበት ነው። እኔ የምሠራው እዚያ አይደለም። ከዚያ ሦስት ፌርማታ ርቆ ባለው ዋና ቢሮ የታይነት ባለሙያ ነኝ። የታይነት ባለሙያ ማለት ሌላው የሠራውን ሥራ ሰው እንዲያየው የሚያደርግ ማለት ነው። እታለም ይህን ስነግራት «እና አንተ ራስህ ምን ትሠራለህ?» ብላኛለች። «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው ታላቅ እህት አልነበረችውም።

አለቃዬ ጠዋት ጠሩኝ። ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«ተግባብተናል?» ስለሚዘጉ ከጀርባቸው ወይዘሮ ተግባብተናል እንላቸዋለን።

«ማዕከሉ ታፔላ የለውም! ሦስት ዓመት ሙሉ! ልዑኩ ምኑን ፎቶ ሊያነሳ ነው? ሁለት ሳምንት አለህ፣ ተግባብተናል?»

ተግባብተናል። ኮንትራቴም የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። እሱንም ሳንነጋገር ተግባብተናል።

ረቡዕ 5

እታለም ዛሬም ሱሪዬን ይዛ ገበያ ሄደች።

ስለ ሱሪው ልጻፍ። ጥቁሩ ሱሪዬ ይረዝመኛል። እታለም ገበያው አጠገብ ወዳለ ልብስ ሰፊ እየወሰደች ልታሳጥርልኝ ቃል ከገባች ቆይታለች። በየረቡዑ ጠዋት በዘንቢል ይዛው ትሄዳለች፣ ምሳ ሰዓት ይዛው ትመለሳለች። ወይ ወረፋ ነበር፣ ወይ ክር አልቆ ነበር፣ ወይ ሰውየው አላመቸውም። ሱሪዬ አሥር ጊዜ ገበያ ሄዶ አንድ ጊዜም አላጠረም። ሌላ ወንድም ቢሆን ይቆጣ ነበር። እኔ ግን ነገር አስተውላለሁ፦ ረቡዕ ረቡዕ ስትመለስ ፊቷ ፈታ ይላል። ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ስለዚህ ሱሪው ይርዘም ብዬ ትቼዋለሁ።

ታላቄ ናት፣ በአሥራ አንድ ዓመት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጦርነቱ እነሱ ከተማ ሲገባ አምልጣ እኔ ጋ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። በአንድ ዘንቢል ነው የመጣችው። ስለ መንገዱ ስጠይቃት «አቧራ ነበረው» አለችኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ሰው ማስጨነቅ አልወድም።

ዓርብ 7

ለታፔላው በሩን ልለካ ማዕከሉ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ ተመለስኩ! በአንድ ልብስ ስፌት ቤትና በአንድ ብስክሌት ጠጋኝ መሃል ያለ ግራጫ የብረት በር ነው፣ ምንም አይልም። የአሥራ አንድ አገር ሥራ እንዲህ ተደብቆ ይቀመጣል? ተናደድኩ።

ሲስተር፣ የማዕከሉ ዋና ነርስ፣ ሜትሬን አይታ «ምን ልትቀብር ነው?» አለችኝ።

«ታፔላ ልናቆም ነው።»

«ለምን? የሚመጡት ያውቁታል።»

«የማያውቁትስ?»

«ከሚያውቁት ይሰማሉ።»

የታይነት መመሪያውን ጠቀስኩላት። ስልሳ አራት ገጽ ነው፣ እኔ በቃሌ ነው የማውቀው፣ በተለይ ገጽ አሥራ ሁለትን። ሲስተር ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ክኒን መቁጠሯን ቀጠለች።

ውስጡን ዞሬ አየሁ። ረቡዕ ረቡዕ አሥራ ሰባት ሴቶች ተሰብስበው ሹራብ እየሠሩ የሚያወሩበት ክፍል አለ። ያኔ ባዶ ነበር፣ ቅርጫቶቹ ብቻ ተደርድረዋል። አንዱ ቅርጫት ውስጥ አረንጓዴ ሹራብ አየሁና ሳቄ መጣ። ግራ እጅጌው ከመደበኛው አራት ጣት ያህል አጥሯል! ቀኙ ገና አልተጀመረም።

«ይህቺ ሴትዮ መለኪያ የላትም እንዴ?» አልኩ።

ሲስተር አልሳቀችም። «የሠራችው ታውቃለች» አለች። እኔም ለሪፖርቴ «የምርት ጥራት፦ ዝቅተኛ» ብዬ ያዝኩ።

ማታ ራት ላይ ለእታለም ሁሉንም ነገርኳት፣ ልብስ ስፌቱን፣ ግራጫውን በር፣ የማቆመውን ታፔላ። ማንኪያዋ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ያህል ትልቅ ነው?» አለች።

«ከአውቶቡስ ፌርማታው ይነበባል!»

«ከፌርማታው» አለች። ማንኪያዋን አንስታ አጠበች። ከዚያ የታጠበውን እንደገና አጠበች። በወንድሟ ስትኮራ እንዲህ ነው የሚያደርጋት።

ሰኞ 10

የኢንተርኔት ስብሰባ ስለ ታፔላው። ከአሥራ አንዱም ወገን አርባ ሁለት ሰው። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ «ይሰማል?» «ይሰማል» ስንባባል አለፈ። አንዱ ሰውዬ መሰማቱን ሳያውቅ ልጁን ስለ ካልሲ ተቆጣ፣ በቃለ ጉባኤው ገብቷል።

አርማዎቹ በምን ቅደም ተከተል ይቀመጡ? በፊደል ተራ ተባለ። በየትኛው ፊደል? አንድ ሰዓት። አንዱ አርማዬ አነሰ አለ፣ አሳደግንለት። ያኔ ሌሎቹ አሥሩ አነሱ። ሁሉንም አሳደግን። ጽሑፉ ደግሞ ይህ ሆኖ ጸደቀ፦ «በግጭት ወቅት ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የተቀናጀ የመከላከል፣ የምላሽና የማገገሚያ አገልግሎት መስጫ ማዕከል»። ሲስተር ከማዕከሉ ሆና ስትናገር አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ማንም «ይሰማል?» አላላትም። እኔም አላልኩም።

ረቡዕ 12

ሱሪው ሄደ፣ ሱሪው መጣ። አላጠረም። እታለም «ያ ታፔላህ ቀረ?» አለችኝ። «ምን ሲደረግ!» አልኳት። ምስሩ አርሯል።

ዓርብ 14

ታፔላውን የሚሠራው በያጅ ልኩን አውጥቶ ደወለ። ታፔላው አራት ሜትር ከሰባ። የማዕከሉ በር ከነአጥሩ ሁለት ሜትር ከዘጠና።

«በሩን ላስፋው ወይስ ታፔላውን ላጥብበው?» አለኝ።

ማጥበብ ማለት አርባ ሁለቱን ሰው እንደገና መሰብሰብ ማለት ነው። «ወደ ጎን ይትረፍ» አልኩት።

እሑድ 16

እታለም ዛሬ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን አረንጓዴ ክር ይዛ እጅጌ ትሠራለች። በሲባጎ ቀኝ እጄን ለካችኝ። «ዝም ብለህ ቁም፣ ፈረስ ይመስል አትወዛወዝ።»

«ግራዬንስ አትለኪም?»

«የግራህን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

እውነቷን ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ አዝላኝ ቦይ ስትዘል ወደቅን፣ ክንዴ ተሰበረ፣ ሲጠገን አጥሮ ቀረ። ሸሚዝ ሁሉ ግራ እጄን ይውጠዋል። እስካሁን ያን እጅጌ ሳጥፍ ካየችኝ ዓይኗን ታዞራለች። ስንቴ ነግሬያታለሁ፣ ጥፋቱ የቦዩ ነው።

ማክሰኞ 18

ቆመ!! ግርማ ሞገሱ! ከላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት አለው። ሲመሽ ከፌርማታው አልፎ ከድልድዩም ይነበባል። ግማሹ ልብስ ስፌት ቤቱ ላይ ነው፣ ጫፉ የብስክሌት ጠጋኙን ኮርኒስ ነክቷል። አለቃዬ በስልክ ፎቶውን አይተው «አሁን ሥራ ሠራን» አሉ። ሥራው የተሠራው ሦስት ዓመት ሙሉ መስሎኝ ነበር።

ፎቶውን ለእታለም አሳየኋት። ስልኩን አቅርባ፣ ከዚያ አርቃ አየችው። «መብራትም አለው» አለች።

«አለው!»

«እንግዲህ ምን ቀረው» አለች። ሄዳ በሩን ቆለፈች፣ ከዚያ ቆልፋ እንደሆነ አየች፣ ከዚያ እንደገና አየች።

ረቡዕ 19

እታለም ሱሪዬን ይዛ ወጣች፣ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰች። ራሷን አሟታል። አላንጎራጎረችም።

ዓርብ 21

የልብስ ስፌት ቤቱ ባለቤት ቢሮ ድረስ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አላወረዱም።

«ልጄ፣ ታፔላህ ግማሹ የኔ ነው። ትናንት አንድ ጎልማሳ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ፣ ቀና ብሎ አነበበ፣ ሱሪውን እኔ ጋ ትቶ ሮጠ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ።»

«ይለመዳል ጋሼ።»

«ሴቶቹም አይመጡም።»

«የትኞቹ ሴቶች?»

«እነዚያው ናቸዋ። በፊት ሁሉም የሚሰፋ ጨርቅ ቢጤ ይዘው ይመጣሉ። ያየ ሰው እኔ ጋ የመጡ ነው የሚመስለው። በእኔ በር ይገባሉ፣ በጓሮ ወደ ሲስተር ይሻገራሉ። ሦስት ዓመት የማልሰፋው ልብስ ስቀበል ኖርኩ። አሁን ይኸው፣ በመብራት አሳወቅክልኝ።»

ቅሬታቸውን በቅጽ አስሞላኋቸው። ከሲስተር የመጣው ቁጥርም ጥሩ አይደለም። የረቡዑ ክፍል ከአሥራ ሰባት አራት።

ሰኞ 24

ስብሰባ። ቁጥሩ ለምን ወረደ? የዕቅድ ክፍሉ ሰውዬ ዝናብ ነው አለ። ዝናብ አልዘነበም ስንለው «ሊዘንብ ይችላል የሚል ስጋት» ብሎ አስተካከለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አለቃዬ ደግሞ ታፔላው በቂ አልታየም አሉ። ፌርማታው ላይ ቀስት ይተከል፣ ድምጽ ማጉያ ያለው መኪና ይዙር። እኔ ነኝ የማዘጋጀው። ሲስተር ስብሰባውን ጥላ ወጣች፣ በሩን ሲዘጉት እንዲህ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ 26

ዜሮ።

እታለም ቤት ዋለች። እጅጌው አልቆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ብቻውን። «ሹራቡስ?» አልኳት። «እሱማ ቀረ» አለች። ሱሪው መስቀያው ላይ ነው። አሁን ዕቃ ስታጥብ ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። ማታ ማታ ሳንኮራፋ እየረበሽኳት ይሆን? ከዛሬ ጀምሮ በጎኔ ልተኛ።

ዓርብ 28

በችኮላ። ቀስቱን ልተክል ፌርማታው ሄጄ ሲስተር ደረሰችብኝ። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በጭነት መኪና መጣች፣ ከግንባሩ በኩል። እዚህ፣ አንተ የተቀመጥክበት፣ ሦስት ቀን ተቀመጠች። አንብባዋለች። ስትገባ ማን ያየኛል እያለች ሦስት ቀን። በአራተኛው ገባች።»

«ይኸው ገባች አይደል» አልኳት።

«መድኃኒቱ የሚሠራው እስከ ሦስት ቀን ድረስ ከተወሰደ ብቻ ነው።»

መመሪያውን አልኩ። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ብላኝ ሄደች። ቀስቱን አልተከልኩትም። መሬቱ ድንጋያማ ነው።

መሬቱ ድንጋያማ አልነበረም።

ሰኞ 1

አዲስ ወር። ስምንት ቀን ቀረ። ልዑኩ ባዶ ክፍል ሊያይ ነው። አለቃዬ የኛው ሴት ሠራተኞች ወንበሩን «እንዲያሞቁ» ሐሳብ አቀረቡ። የሒሳቧ ልጅ፣ የጽዳቷ፣ እሳቸውም ካስፈለገ በሻርፕ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ሲስተር በእርጋታ «ጥሩ» አለች። «ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ሁሉ ቅጽ ትሞላለች። አርባ ገጽ ነው። ገጽ ሦስት ላይ ያለውን እዚሁ ጮክ ብዬ ላንብበው?» አንብባ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ሐሳቡ ተሰረዘ። የዕቅድ ክፍሉ ሰውዬ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔም።

ሐሙስ 4

ማዕከሉን ላሰናዳ ሄድኩ። ሲስተር የረቡዑን ክፍል ቅርጫቶች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። «ባለቤቶቹ ካልመጡ፣ ቢያንስ ብል አይብላው» አለች። አረንጓዴውን ሹራብ አቀበለችኝ፣ ስልኳ ጠራና ወጣች።

ለቀልድ ነበር። ስትመለስ ለብሼው ላስቃት፣ ከተኳረፍን ሰንብተናል። ግራ እጄን አስገባሁ።

ልክ ሆነ።

አንድ ጣት አልተረፈ፣ አንድ ጣት አልጎደለ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ግራ እጄ ላይ ልክ የሆነ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ቀኝ እጅጌው ቦታ ክፍት ነው።

ሲስተር ተመለሰች። እጄን አየች፣ ፊቴን አየች። «ምን ሆንክ?»

«ጠበበኝ» አልኳት።

ከእጄ ተቀብላ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። ሦስት ፌርማታውን አልፌ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ሱሪዬ መንገዱን ሁሉ ጠረገው።

ዓርብ 5

ስለዚያ ነገር አልጽፍም። እሷ ያልነገረችኝን ደብተሬ አይነግረኝም።

መመሪያውን እንደገና አነበብኩ፣ ስልሳ አራቱንም ገጽ። በቃሌ አውቀዋለሁ ስል የኖርኩት እስከ ገጽ ሃያ ብቻ ኖሯል። ገጽ ስልሳ አንድ ግርጌ ላይ፣ ጉንዳን በምታነብበው ፊደል፦ «ታይነቱ ተገልጋዩን የሚያጋልጥ ከሆነ ምንም ዓይነት ምልክት አይደረግ።»

አህያ ነኝ። ይህ በትልቁ ይጻፍልኝ፣ በአራት ሜትር ከሰባ፣ ከነመብራቱ።

ቅዳሜ 6

ማንንም አላስፈቀድኩም። ጠዋት በያጁን ይዤ ሄድኩ። «ከቆመ ሦስት ሳምንት አልሞላውም እኮ» አለኝ። «ሦስት ሳምንት በዝቷል» አልኩት። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ መሰላሉን ያዙልን። ታፔላው ሲወርድ ሜትራቸውን እንደ መሀረብ አውለበለቡት።

አሁን የት ይቀመጥ? የአሥራ አንድ አገር አርማ ያለበትን ነገር መጣል አይቻልም፣ ገጽ ዘጠኝ። ዕቃ ክፍል አይገባም። በያጁ «ትልቅ አጥር ያለው የት ነው?» አለ።

ተያየን። የኛ ዋና ቢሮ አጥር አሥራ ሁለት ሜትር ነው።

ሰኞ 8

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ታፔላው ከዋናው ቢሮ በር በላይ፣ ከነመብራቱ፣ እንዴት ያምራል!

ሁለት ሰዓት ላይ የዕቅድ ክፍሉ ሰውዬ ከመኪናው ወረደ፣ አነበበ፣ ማዶ ያለውን ኪዮስክ አየ፣ ባለኪዮስኩም እሱን አየው። ኮቱን ራሱ ላይ አድርጎ ገባ። የሒሳቧ ልጅ በእጮኛዋ እናት ፊት መግባት አልቻልኩም ብላ ከፌርማታው ደወለች። እኔ ራሴ ስገባ አንዲት አሮጊት «አይዞህ ልጄ» ብለው ጀርባዬን መቱኝ። ቀኑን ሙሉ ያቺ ምት ጀርባዬ ላይ አለች። እንግዲህ እኔ ምንም ያልሆንኩት ሰውዬ ነኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በጓሮ በር መግባት ጀምሯል። አለቃዬም በጓሮ ገቡ፣ ጫማቸው ጭቃ ነክቶታል። ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። ግን ለምን በጓሮ ገቡ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ «ተግባብተናል?» ሳይሉ ቆዩ። «ሰው ያየኛላ!» አሉ። ከዚያ አፋቸውን ያዙ። ተቀመጡ። ጭቃ የነካውን ጫማቸውን አዩና «ተግባብተናል» አሉ፣ ያለ ጥያቄ።

ማክሰኞ 9

ልዑኩ መጣ። መሪዋ ምርኩዝ የያዙ አጭር አሮጊት ናቸው፣ አጠገባቸው አስተርጓሚ። ቀና ብለው ታፔላውን አነበቡ፣ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ወሰደ።

«ሴቶቹ የሚታከሙት እዚህ ነው?»

«የለም፣ ሌላ ቦታ ነው» አሉ አለቃዬ።

«ታፔላው ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኮንትራቴ በዓይኔ ላይ ዞረ። ገጽ ስልሳ አንድን ነገርኳቸው፣ ከነግርጌ ማስታወሻው።

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩኝ። «እስከዚያ ገጽ ያነበበ ሰው አለ?»

«አለ። ዓርብ ዕለት ነው ያነበበው። ታፔላውን ያቆመውም እሱ ነው» አልኩ።

«ያቺን ማስታወሻ የጻፍኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት። በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ትግባ ብዬ ስከራከር ቦታ የለም ተባልኩ።» ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ወንበር አመጣንላቸው።

ማዕከሉን ፍለጋ ስንሄድ ግራጫውን በር ሁለት ጊዜ አልፈውት ሄዱ። «ግሩም ነው» አሉ። ከሲስተር ጋር በር ዘግተው ሁለት ሰዓት አወሩ። አንዲትም ሴት ልይ፣ ላናግር አላሉም። ፎቶም አልተነሳም። ኮንትራቴ ለሦስት ወር ተራዘመ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ የዋናውን ቢሮ ታፔላ ማውረድ ነው፣ ሠራተኛው በጭቃ አለቀ።

ረቡዕ 10

ጠዋት ለእታለም ሻይ አፈላሁላት። እንዲያው እንደ ቀልድ፣ ዳቦ እየቆረስኩ፦ «ያ ታፔላ እኮ ወደቀ። ነፋስ ጣለው።»

«ነፋስ አልነበረም እኮ።»

«እኛ ጋ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ዳቦውን አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በጥንቃቄ ዳቦ አይቼ አላውቅም።

«ሌላ አያቆሙም?» አለች።

«ምንም አይቆምም። እኔ እያለሁ።»

ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። ዛሬ ቤት ዋለች። ልጠይቃት፣ ላቅፋት፣ ልንበረከክ አሰብኩ። ግን ከአንድ ወር በላይ በታፔላ የጮህኩት አልበቃ ብሎ ደግሞ ቤት ውስጥ ልጩህ? ደብተሩን ገልብጬ ሽፋኑን አየሁት። ከዛሬ ወዲያ በጋዜጣ ለብዶ ይቀመጥ።

ማክሰኞ 16

ጥቁሩን ሱሪ ከመስቀያው አውርጄ ዘንቢሏ ላይ አጥፌ አስቀመጥኩላት።

«እታለም፣ ይሄ ሱሪ እንቅፋት ሆነብኝ። ደረጃ ላይ ሊጥለኝ ነው። ነገ ከተመቸሽ ለዚያ ልብስ ሰፊ ብትወስጂልኝ።»

ሱሪውን ረጅም ጊዜ ዳበሰችው። «ሰውየው እኮ ቶሎ አይሠራም» አለች።

«አልቸኩልም። በየሳምንቱ ብትወስጂውም ግድ የለኝም።»

ረቡዕ 17

ምሳ ሰዓት ቤት ነበርኩ፣ ያለ ምክንያት። እታለም ዘንቢሏን ይዛ ገባች። ፀሐይ መቷታል። ከሱሪው ሥር አንድ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። አላየሁትም።

«ሱሪዬስ?» አልኳት።

«ወረፋ ነበረ» አለች። «አሥራ አንድ ሰው።»

«ባለፈው ስንት ነበር?»

«ባለፈው ማንም አልነበረም አሉ።» ዘንቢሏን አስቀመጠችና «ለሳምንት ይደርሳል ብሎኛል» አለች።

ወጥ ቤት ገባች። ሱሪውን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ከጓዳ ውሃው ይሰማል፣ ከውሃው ጋር ደግሞ እሷ።

አሁንም ይረዝማል።